ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፦ ለሳንባ ሕሙማን የሚዘገየው ካሳ

(ከአንድ ጡረተኛ መሐንዲስ፣ ላስ ቬጋስ)

በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. እኔ በምኖርባት በላስ ቬጋስ ትሮፒካና የተባለው ሆቴል በሌሊት በፈንጂ ሲናድ ብዙው ሰው እንደ ርችት ተመለከተው። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ሆቴሉ የተከፈተው በ1957 ነው። በዚያ ዘመን አስቤስቶስ ለቧንቧ መጠቅለያ፣ ለወለልና ለጣሪያ የተለመደ ዕቃ ነበር። ዛሬ የአሜሪካ ሕግ ሕንጻ ከመፍረሱ በፊት አስቤስቶስ ተመርምሮ ይወገድ ይላል። ሕጉ ሳይወጣ አቧራውን የተነፈሱት ሠራተኞችስ?

የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እስከ 40 ዓመት ያደባል። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው ካንሰር አንዴ ከተገለጠ ግን ብዙው ሕመምተኛ ሁለት ዓመት አይሞላውም። እንግዲህ ሦስት ዓመት የሚፈጅ የካሳ ክርክር ለሕመምተኛው ካሳ ሊባል ይችላል? የተዝካር ማውጫ እንጂ!

በምንኖርበት በኔቫዳ ሕጉ ሠራተኛው በሽታው ከሥራው እንደመጣ ባወቀ በ7 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ እንዲያስታውቅ፣ በ90 ቀን ውስጥም የካሳ ጥያቄውን እንዲያቀርብ ያዛል። በሆቴልና በጥገና ሥራ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉ። ቀኑ አጭር ቢሆንም ቢያንስ ቆጠራው የሚጀምረው ከማወቅ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 ተጎጂው ጉዳት በደረሰበት በ2 ዓመት ውስጥ ይክሰስ ይላል። ጉዳቱ የደረሰው አቧራው በተተነፈሰበት ቀን ነው ከተባለ፣ ሰውዬው ገና ሳል ሳይጀምረው መብቱ ተቀብሯል ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ስለ አስቤስቶስ ምርመራ የሚናገር ሪፖርት ፈልጌ አላገኘሁም። ገዢዎቻችን መብራትና የእግረኛ መንገድ ሲያስመርቁ እንጂ፣ ድንጋዩን በባዶ እጁና በባዶ አፍንጫው ስላነሳው የቀን ሠራተኛ ሲናገሩ አልሰማንም። የለገደንቢን እናስታውስ። በ2010 ዓ.ም. ነዋሪው ልጆቻችን ታመሙ ብሎ አደባባይ በመውጣቱ የወርቅ ማዕድኑ ፈቃድ ታገደ። በ2013 ዓ.ም. ምርቱ እንደገና ሲጀመር የነዋሪው የካሳ ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም ነበር። ወርቁ ፈጥኖ ይወጣል፤ ካሳው ይዘገያል።

«ድሀ አገር ይህን ከየት ያመጣል?» የሚሉ አይጠፉም። እንግሊዞች በ2002 በለንደን ለሜሶቴሊዮማ ሕሙማን ፈጣን የችሎት መዝገብ ከፈቱ። ለዚህ የሚያስፈልገው ወርቅ ሳይሆን የዳኛ ትእዛዝ ነው። በ2014 ደግሞ አሠሪውም ኢንሹራንሱም ለጠፋበት ሕመምተኛ ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች በሚሰበሰብ መዋጮ የሚከፍል ሕግ አወጡ። 

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የይርጋው ቆጠራ ሐኪም በሽታውን ካረጋገጠበት ቀን ይጀምር። ሁለተኛ፣ የማይድን በሽታ የያዘው ሰው መዝገብ ቅድሚያ ያግኝ፣ ቀጠሮም አይደራረብበት። ሦስተኛ፣ አሠሪዎችና ኢንሹራንሶች የሚያዋጡበት ፈንድ ይቋቋም። አራተኛ፣ ሕንጻ ከመፍረሱ በፊት የምርመራው ውጤት ለሕዝብ ይፋ ይሁን፣ የሠራተኞቹም ስም ይመዝገብ። ዛሬ ያልተመዘገበ ሠራተኛ ከ30 ዓመት በኋላ በምን ማስረጃ ይከራከራል?

በውጭ ያለን የሕግና የሕክምና ባለሙያዎች ይህን ረቂቅ ለመጻፍ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለብንም። ሰው ከተቀበረ በኋላ የሚመጣ ፍርድ፣ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ነው።

ቸር ይግጠመን።