ምላስ ወይስ ማኅተም?

የጣሊያን ቀይ ወይን ሲቀርብላቸው አንዳንድ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚቀምሱት ዋጋውን ነው። ቀጥሎ አንገቱ ላይ የተለጠፈችውን የመንግሥት ወረቀት ያነባሉ። ወይኑ ተራ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው!

እስቲ ስለዚያች ወረቀት እናውራ። የምትመሰክረው ደንብ መከበሩን ነው። ደንቡስ? በ1967 (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) የወጣው የኪያንቲ ደንብ ቀዩ ወይን ውስጥ የነጭ ወይን ፍሬ ካልገባበት ኪያንቲ አይባልም ይል ነበር። በዚያው በቶስካና፣ ቦልጌሪ ላይ፣ ማርኬዝ ማሪዮ ኢንቺዛ ዴላ ሮኬታ የፈረንሳዩን ካበርኔ ሶቪኞን ተክለው ነበር። የ1968ቱ ምርት «ሳሲካያ» ተብሎ ገበያ ሲወጣ ደንቡ አያውቀውምና የተሰጠው ማዕረግ «የገበታ ወይን» ሆነ፤ የመጨረሻዋ እርከን ማለት ነው። በ1978 ለንደን ውስጥ «ዲካንተር» መጽሔት ባዘጋጀው ቅምሻ ያ «ተራ» ወይን (የ1972ቱ ምርት) የሌሎች አገሮችን ካበርኔዎች አስከትሎ አንደኛ ወጣ። ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው?

«ዛሬ ሳሲካያም ውድ ነው፤ ዋጋ አይዋሽም» የሚለኝ አይጠፋም። አይ ወዳጄ! ለስሙም ጭምር እየከፈልክ ነው። ባሮሎ ገበያ ሳይወጣ ቢያንስ 38 ወር እንዲቆይ ሕግ ያስገድዳል። ይሄ ወጪ ነው እንጂ ጣዕም አይደለም፤ ገና ልጅ እያለ ከተከፈተ እንዲያውም ድድ ያደርቃል። ከዚያው ከፒየሞንቴ የሚመጣው ባርቤራ ግን እጅግ ባነሰ ዋጋ ከሥጋ ጋር ሸጋ ነው።

ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ቅመሱ፤ በዚችው ጋዜጣ ቢሆንም አልቀየምም። ስንት ትከፍሉበት እንደነበር ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ግለጡ።