መታሰቢያ ሳንቲም ገዝቶ ማን ያተርፋል?

ከፍራንክፈርት የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲፈታ ከሸሚዙና ከቸኮላቱ መካከል አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቅ ትላለች። ውስጧ በፕላስቲክ የታሸጉ የሚያብረቀርቁ ሳንቲሞች ተደርድረዋል። «ይኼ ብር ነው፤ የመታሰቢያ ነው፤ ወደፊት ዋጋው ሰማይ ይነካል» ይባላል። ሣጥኗ ከዘመድ ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ ፒያሳ ወርቅ ቤት ትዞራለች፤ በደረሰችበት ሁሉም የሚነገርላት ዋጋ ይለያያል። አንዱ በሚዛን ይመዝንና የብሩን ዋጋ ይሰጣል። ሌላው የተጻፈውን 10 ማርክ አይቶ «ማርክ እኮ ሞቷል» ይላል። ሦስተኛው «ሰብሳቢ አገኝለታለሁ» ብሎ ያስቀምጣል። ሦስቱም በከፊል ልክ ናቸው፤ ሦስቱም በከፊል ተሳስተዋል።

የጀርመን መታሰቢያ ሳንቲም ሦስት ዋጋ ተሸክሞ የሚዞር ዕቃ ነው። የመጀመሪያው ፊቱ ላይ የተጻፈው ነው። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ፣ ቡንደስባንክ፣ የማርክን ኖትና ሳንቲም ያለ ጊዜ ገደብ በዩሮ ይመነዝራል፤ ተመኑም 1 ዩሮ በ1.95583 ማርክ ሆኖ ታስሯል። መታሰቢያዎቹም በዚሁ ደንብ ይገባሉ። ስለዚህ ማርክ ሞቷል ያለው ተሳስቷል፤ 10 ማርክ ዛሬም 5 ዩሮ ከ11 ሳንቲም ነው። ፈረንሳይ የፍራንክ ሳንቲሞቿን መመንዘር እ.ኤ.አ. በ2005 አቁማለች፤ ኢጣሊያም የሊሬን በር በ2011 ዘግታለች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በጀርመን ግን እስከ 2024 ድረስ ወደ ባንክ ያልተመለሰው ማርክ ከ12 ቢሊዮን በላይ ነበር። አንድ አገር ብቻ መርጦ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ጀርመንን ቢመርጥ አንዱ ምክንያቱ ይህ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ዋጋ ውስጡ ያለው ማዕድን ነው። ከ1952 እስከ 1979 የወጡት የ5 ማርክ የብር መታሰቢያዎች 11.2 ግራም ይመዝናሉ፤ ከሺሁ 625 እጁ ብር ስለሆነ 7 ግራም ንጹሕ ብር ይይዛሉ። እስከ 1997 የወጣው የ10 ማርኩ ደግሞ ክብደቱ 15.5 ግራም፣ ንጹሕ ብሩ 9.7 ግራም ያህል ነው። ሦስተኛው ዋጋ ሰብሳቢው ከሁለቱ በላይ ጨምሮ የሚከፍለው ነው። ደላላ ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ ሦስተኛው ነው። ገዢ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ስለ ሁለቱ ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ነጋዴ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። አባቶች የማርያ ትሬዛን ጠገራ ሲቀበሉ የጌጧን ዕንቁ ቆጥረው፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ሰምተው፣ መዝነው ነበር፤ የንግሥቲቱን የሕይወት ታሪክ የጠየቀ የለም።

ለመሆኑ ሰብሳቢው የሚጨምረው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1952 መመለስ ያሻል። በዚያ ዓመት በኑረንበርግ ያለው የጀርመን ብሔራዊ ሙዚየም መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያውን የ5 ማርክ መታሰቢያ ሙኒክ ላይ አሳተመች። ብዛቱ 200,000 ብቻ ነበር። በ1955 የባለቅኔው ሺለርና የባደኑ መስፍን ሉድቪግ ቪልሄልም፣ በ1957 የገጣሚው አይሸንዶርፍ ተከተሉ፤ የእያንዳንዳቸውም ብዛት ያው 200,000 ነው። በ1964 የወጣው የፈላስፋው ፊሽተ ሳንቲም 500,000 ደረሰ። ሰብሳቢዎች እነዚህን «የመጀመሪያዎቹ አምስት» ይሏቸዋል፤ ምዕራብ ጀርመንን የሚሰበስብ ሰው ኪሱ የሚፈተነውም እነዚህ ላይ ነው።

በ1952 ጦርነቱ ካበቃ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። 5 ማርክ ለቤት ወጪ የሚቆጠር ገንዘብ ነው፤ አልበም ውስጥ ዘግቶበት የሚተኛ ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ በጥሩ ሁኔታ የተጠበቀው የሙዚየሙ ሳንቲም በመቶዎች በሚቆጠር ዩሮ የሚሸጠው ለዚህ ነው። የሳንቲሙ ሥዕል ከሌሎቹ የተለየ ውበት ስላለው አይደለም፤ ማንም ስላልፈለገው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንኛውም የገበያ ሰው ሊገምት ይችላል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዋጋቸው ሲወጣ ሕዝቡ አየ። መንግሥትም አየ። በ1966 የላይብኒዝ ሳንቲም በ2 ሚሊዮን ወጣ፤ በ1969 የካርታ ሠሪው መርካቶር፣ በ1970 የቤቶቨን እያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ሆኑ። የ1952ቱ ዕድል ያመለጠው ሁሉ ይኼኛው አያመልጠኝም ብሎ ገዛ፤ አስቀመጠ። ሁሉም ያስቀመጠው ዕቃ ደግሞ ምንጊዜም ገበያ ላይ ይገኛል። የቤቶቨኑ ሳንቲም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሚሸጠው በብሩ ዋጋ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው።

የ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ይህንን ወደ ጫፍ አደረሰው። በስድስት ዓይነት የ10 ማርክ ሳንቲም በጠቅላላው 100 ሚሊዮን ፍሬ ታተመ፤ ገቢውም ለጨዋታው ወጪ ዋለ። በመጀመሪያው ሳንቲም ላይ ጨዋታው «በጀርመን» እንደሚካሄድ ተጽፎ ነበር። ኦሊምፒክ የሚሰጠው ለከተማ እንጂ ለአገር አይደለም የሚል ተቃውሞ ተነሣ፤ ምሥራቅ ጀርመንም አልወደደችውም። ጽሑፉ «በሙኒክ» ተብሎ ተለወጠና እንደገና ታተመ። ወዲያው የመጀመሪያው ብርቅ ሊሆን ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ብርቅ የተባለው ሳንቲም ብዛቱ 10 ሚሊዮን ነበር! ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 ሜትር፣ ማሞ ወልዴም በማራቶን ነሐስ ያገኙበት ጨዋታ ስለሆነ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ሳንቲሙን ለትዝታው ቢይዘው የሚወቀስ አይደለም። ለትርፍ ከሆነ ግን የሚገዛው 9.7 ግራም ብር መሆኑን ይወቅ።

የኦቶ ሃን ሳንቲም ታሪክ ለነጋዴ ከሁሉ ይበልጣል። የአቶም መሰንጠቅን ያገኘው ይህ ሊቅ በተወለደ በመቶኛ ዓመቱ፣ በ1979፣ የ5 ማርክ የብር መታሰቢያ ታተመለት። ሳንቲሙ ለሕዝብ ሳይወጣ ግን የዓለም የብር ገበያ አበደ። በ1979 መጀመሪያ አንድ አውንስ ብር 6 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በጥር 1980 ወደ 50 ዶላር ተጠጋ። አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነውና 7 ግራም ከሩብ አውንስ ትንሽ ያንሳል። በ6 ዶላር ሒሳብ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ብር ከ3 ማርክ በታች ነው፤ መንግሥት 5 ማርክ ብሎ ሲሰጠው ያተርፋል። በ50 ዶላር ሒሳብ ግን ያው ብር ከ15 ማርክ በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሳንቲም በ5 ማርክ ማውጣት ለአንጥረኛ ስጦታ መስጠት ነው። ስለዚህ የታተመው ተመልሶ ቀለጠ፤ በምትኩ ከመዳብና ከኒኬል የተሠራው በ1980 ወጣ። ከምድጃው ያመለጡት ጥቂት የብር ፍሬዎች ዛሬ ከጀርመን ሳንቲሞች ሁሉ ብርቅ ከሚባሉት ተቆጥረዋል። ከዚያ ወዲህ እስከ 1986 ድረስ የወጡት የ5 ማርክ መታሰቢያዎች ብር የለባቸውም። በየሣጥኑ ውስጥ ከብሮቹ ጋር ተቀላቅለው የሚሸጡትም እነዚሁ ናቸው፤ ሚዛን የሌለው ገዢ በአንድ ዋጋ ይወስዳቸዋል።

መንግሥት ይህን ያደረገው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ከ2002 ጀምሮ የወጣው የ10 ዩሮ መታሰቢያ 18 ግራም፣ ከሺሁ 925 እጁ ብር ነበር። የብር ዋጋ እንደገና ሲወጣ ከ2011 ጀምሮ ተራው ሳንቲም ወደ መዳብና ኒኬል ወረደ፤ ብር የቀረው በመስታወት ጥራት ለሚታተመው፣ ከተጻፈበት በላይ ለሚሸጠው ብቻ ነው፤ እሱም ወደ 625 ዝቅ ብሏል። በ2016 ደግሞ ያው የድሮው 18 ግራም ሳንቲም «20 ዩሮ» ተጽፎበት ተመለሰ። ብሩ አልጨመረም፤ ቁጥሩ ነው እጥፍ የሆነው። በ2025 መጸው የብር ዋጋ ከ50 ዶላር ሲያልፍ የ20 ዩሮው ሳንቲም ውስጥ ያለው ብር ራሱ ከ20 ዩሮ በለጠ።

በዚህ ጉዳይ የጀርመንን ገንዘብ ሚኒስቴር የሚከሱ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው። ክሱ ግን ሚዛን የጎደለው ነው። መታሰቢያ ሳንቲም ለመንግሥት ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ሰውዬው 10 ዩሮ ከፍሎ ሳንቲሙን መሳቢያው ውስጥ ሲዘጋበት ለመንግሥት ወለድ የሌለው ብድር ሰጠ ማለት ነው፤ ብድሩም ላይመለስ ይችላል። በለውጡ መንግሥት የሚሰጠው አንድ ነገር ነው፤ በፈለግህ ቀን 10 ዩሮህን ውሰድ የሚል ዋስትና። ብር ሲወርድ ሰብሳቢው በዋስትናው ይጠበቃል፤ ብር ሲወጣ ብሩን ይሸጣል። ሁለቱንም ጠርዝ የያዘው እሱ ነው። መንግሥት በሚቀጥለው ሳንቲም ብሩን ቢቀንስበት ሊያማርር ይችላል፤ የድሮውን ግን ማንም አልወሰደበትም።

የምሥራቅ ጀርመን ነገር ሌላ ነው። በደርግ ዘመን በላይፕዚግና በድሬስደን የተማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ የዚያም አገር ሳንቲም አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም። ምሥራቅ ጀርመን መታሰቢያ ማውጣት የጀመረችው በ1966 ነው፤ የሕንፃ ሊቁ ሺንክል በ10 ማርክ፣ ላይብኒዝ በ20 ማርክ፣ እያንዳንዳቸው 50,000 ፍሬ። አንዱን ላይብኒዝ በአንድ ዓመት ሁለቱም ጀርመኖች አከበሩት፤ ምዕራቡ በ2 ሚሊዮን፣ ምሥራቁ በ50,000። (ላይብኒዝ፣ ከአባ ጎርጎርዮስ አማርኛና ግዕዝ ከተማረው ከሉዶልፍ ጋር ይጻጻፍ የነበረ ሰው ነው።) በብዛት ከተለካ የምሥራቁ ብርቅ ነው። ግን ከሐምሌ 1990 ወዲህ ማርኩ ገንዘብነቱ ቀርቷል፤ ጀርባውን የሚይዝለት ባንክ የለም። ብር ከሌለበት ደግሞ ዋጋው ሌላ ሰብሳቢ የሚሰጠው ብቻ ነው። ይህን የሚገዛ ሰው ገበያውን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ስለ 2 ዩሮዎቹ ብዙ ማለት አያሻም። ከ2006 ጀምሮ በየክፍለ ግዛቱ ስም የወጡት በየዓመቱ 30 ሚሊዮን አካባቢ የሚታተሙ መገበያያ ናቸው። ነጋዴዎች የሚወዱት በርሊን፣ ሙኒክ፣ ሽቱትጋርት፣ ካርልስሩኸና ሐምቡርግ ያሉት አምስት ማተሚያዎች በየራሳቸው ፊደል ስለሚያትሙ ነው፤ ሰብሳቢው አንዱን ሥዕል አምስት ጊዜ ይገዛል። በ2008 የሽቱትጋርቱ ማተሚያ የሐምቡርጉን ሳንቲም የተወሰነ ክፍል በስሕተት በድሮው የአውሮፓ ካርታ አትሞት ነበር፤ ያንን ለይቶ የሚያውቅ ያተርፍበታል። ወርቅ የተቀባ 2 ዩሮ ግን ከማንም እጅ መገዛት የለበትም። የተቀባው ወርቅ የሚመዘን አይደለም፤ ለሰብሳቢም ሳንቲሙ ተበላሽቷል። በሚያምር ሣጥንና የምስክር ወረቀት የሚሸጡት ሜዳሊያዎችም እንደዚያው ናቸው፤ የገንዘብ ቁጥር ካልተጻፈበት ሳንቲም አይደለም፤ ቡንደስባንክም አያውቀውም።

እንግዲህ ከፍራንክፈርት የመጣችው ሣጥን ስትከፈት መጀመሪያ ዓመቱ ይነበብ፤ ከዚያ ይመዘን። የ1972ቱ ወይም የ1987ቱ የ10 ማርክ ከሆነ ሻጩ ከብሩ ዋጋ ብዙ በላይ ሲጠይቅ መተው ነው፤ በብሩ ዋጋ ካገኙት ግን መጥፎ ግዢ አይደለም። ወደ ባንክ ልኮ በ5 ዩሮ ከ11 ማስመንዘርም በዛሬው የብር ገበያ ኪሳራ ነው። 1952፣ 1955፣ 1957 ወይም 1964 የሚል ከተገኘ ደግሞ አንጥረኛው ጋ መሄድ የለበትም፤ መወልወልም የለበትም፤ የተወለወለ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል። የ1952ቱ በብዛት የሚመሰል ስለሆነ 11.2 ግራም መሙላቱና የጠርዙ ጽሑፍ ታይቶ፣ ጀርመን ውስጥ በጨረታ የሚሸጥ የታወቀ ቤት ሳይመረምረው አንድም ብር መቆጠር አይገባም።