ፊሽካው ከተነፋ በኋላም የማይለቅ ጭንቀት

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም የነበረ ሰው ጭንቀት ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገውም። በኃይሉ አሰፋ ናይጄሪያ ላይ ሲያገባ ብራዚል የደረስን መሰለን። ኤመኒኬ አቻ አደረገ። 90ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ፔናልቲ! መቺው ራሱ ኤመኒኬ። እጃችን በላብ ራሰ፣ ሆዳችን ታወከ፣ ልባችን ከበሮ ሆነ። 2 ለ 1 ተሸንፈን ወደ ካዛንቺስ በእግር ስንወጣ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

ግን አለፈ። በማግስቱ ማኪያቶ ይዘን አሰላለፉን ስንተች ዋልን።

ይሄኛው ጭንቀት ጤነኛ ነው። ሰውነት አደጋ መጣ ሲል አድሬናሊን ያመነጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ለተጫዋች እንዲያውም ጉልበት ነው። ችግሩ ጨዋታ በሌለበት ማክሰኞ ሌሊት ልብ እንዲያ ሲመታ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ሥራ መግባት ሲያስፈራ፣ ይህም ለሳምንታት ሲቀጥል ነው። ያ ሕመም ነው። ሕክምናም አለው።

እኛ ግን ጉልበቱ የተጎዳውን "እግዜር ይማርህ" እንላለን፤ መንፈሱ የተጎዳውን "ፈሪ" ወይም "አማኑኤል ይግባ" ብለን እንስቃለን። አማኑኤል እኮ ሆስፒታል ነው፤ ሰው ታክሞ የሚወጣበት። በዚህ ቀልድ ስንቱ አፉን እንደዘጋ ቤቱ ይቁጠረው።

የመድፈኞቹ ደጋፊዎች ግዙፉን ፔር ሜርተሳከርን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለጀርመኑ ዴር ሽፒገል መጽሔት እንደተናገረው ከጨዋታ በፊት ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ይይዘው ነበር። በ2006 ጀርመን በገዛ ሜዳዋ በጣሊያን ተሸንፋ ከፍጻሜው ስትቀር ከሐዘኑ ይልቅ እፎይታው በልጦበት ነበር። ዓለም ዋንጫ ያነሳ ተከላካይ ነው ይህን የሚለው! ኢኒየስታም ጓደኛው ዳኒ ያርኬ በ2009 በድንገት ሲሞት ድብርት ውስጥ ገብቶ የሥነ ልቦና ባለሙያ ረድቶታል። በዓመቱ የስፔንን የዓለም ዋንጫ ጎል ያገባው እሱ ነው። የሐኖቨሩ በረኛ ሮበርት ኤንከ ግን ሕመሙን ከሕዝብ ደብቆ ኖረ፤ በዚያው በ2009፣ በ32 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ።

ነገሩ የከዋክብት ብቻ አይደለም። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። የተሻለ ቤት ያገኘ አለ፤ ይህን የምንጽፈው ልማቱን ለመቃወም አይደለም። ግን ዲኤስቲቪ ቤቱም አብሮ ፈረሰ። እዚያ ጨዋታ ብቻ አልነበረም የሚታየው። ሁለት ቅዳሜ ከቀረህ "ምነው ጠፋህ? አመመህ እንዴ?" የሚልህ ሰው ነበረ። ዛሬ ያ ልጅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን በስልኩ ያያል፤ ምናልባትም የውርርድ ትኬት ይዞ። (እንቅልፍ የነሳው ቡድኑ ይሁን ትኬቱ፣ እሱ ያውቃል።)

ልብ ሲዘል ትንፋሽን በቀስታ ማስወጣት ይረዳል፤ ድንገተኛ ፍርሃት የቱንም ያህል ቢያስጨንቅ በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ኳስ ማየት ብቻ ሳይሆን መጫወትም ይጠቅማል። ቡና ማብዛትና ጫት ግን ያባብሱታል። ካልለቀቀ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ምክርም መድኃኒትም አለ። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። "መኖር ሰለቸኝ" ያለ ጓደኛ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ዛሬውኑ ይዛችሁት ሂዱ።

የፊታችን ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ከሰፈር ለወጣ አንድ ጓደኛችሁ ደውሉለት። አሰላለፉን ካወራችሁ በኋላ ጨዋታውን ከማን ጋር እንደሚያይ ጠይቁት።