ጥምር ጥቅም ያለው ምርምር ጥምር አስተዳደር ይሻል

ለወታደራዊም ለሲቪልም ዓላማ የሚውል ምርምርን የሚመለከት ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያጠነጥነው በወጪ ቁጠባ ላይ ነው። የጂፒኤስ ታሪክ ግን የሁለቱን ዘርፎች ቅንጅት ፍሬያማ የሚያደርገው በዋናነት የውሳኔ ሥልጣን ክፍፍል መሆኑን ያመለክታል።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ፕሮግራሙን የጀመረው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ከመስመሩ የወጣ የደቡብ ኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ ጄት ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ የፕሬዚዳንት ሬገን አስተዳደር ሥርዓቱ ለሲቪል አገልግሎት ክፍት እንደሚሆን አስታወቀ። ይሁንና የሲቪሉ ሞገድ ሆን ተብሎ ይዛባ ስለነበር የልኬት ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። የአገሪቱ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ደግሞ መርከቦችን በትክክል ለመምራት ስሕተቱን የሚያርሙ ጣቢያዎችን ተከለ። አንዱ የመንግሥት አካል ያዛባውን ሌላው በሕዝብ ገንዘብ ያቃና ነበር ማለት ነው።

በ1996 እ.ኤ.አ. መከላከያና ትራንስፖርት ሚኒስቴሮች በጋራ የሚመሩት ቦርድ እንዲቋቋም ተወሰነ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ማዛባቱ ቆመ። ሠራዊቱ የተመሰጠረ ሞገዱን እንደያዘ በመቀጠሉ፣ ለሲቪሉ መክፈት ምስጢርን አሳልፎ መስጠት አልሆነም።

በኢትዮጵያ የታየው ተሞክሮ ከዚህ ይለያል። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በጦር መኮንኖች እየተመራ የሕዳሴ ግድብን የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ጭምር ያዘ፤ ሥራው በመጓተቱ በ2010 ዓ.ም. ውሉ ተቋረጠ። የሲቪል ሥራን በወታደራዊ አመራር ሥር ማጠቃለል በራሱ ቅንጅት አይደለም። ቅንጅት የሚኖረው የሲቪሉ ባለሙያ የመጠየቅና የመቃወም ሥልጣን ሲኖረው ነው።

ስለዚህ ወደፊት የሚወጣ ፖሊሲ ሁለት ነጥቦችን ሊደነግግ ይገባል። አንደኛ፣ የሲቪል ተመራማሪዎች እኩል ድምፅ ያላቸው የጋራ ቦርድ ይቋቋም። ሁለተኛ፣ ምስጢር የሚሆነው ክፍል፣ የሚቆይበት ጊዜና ምክንያቱ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይወሰን፤ ይግባኝም ይኑረው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጥናቱን ካጠናቀቀ በኋላ ውጤቱ ምስጢር ነው ቢባል፣ ሥራው በእኩዮች አይገመገምም፣ ስሕተቱም አይታረምም። በዚህም ተማሪው የድካሙን ዋጋ ሲያጣ፣ መከላከያም ያልተፈተነ ዕውቀት ይረከባል።