ረቂቁ ሳይጸድቅ ከተማው ይናገር

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባን ነዋሪ ኑሮ የሚወስኑ ዋና ዋና ሕጎች የሚወጡት በከተማው ምክር ቤት ሳይሆን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ አደረገ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደነገገ። በ2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። አባቱ ያቆዩለትን ግቢ የያዘውም፣ ወር በደረሰ ቁጥር ኪራይ የሚያስጨንቀውም ዜጋ አንድ ጥያቄ አለው። እነዚህ ሕጎች ገና ረቂቅ ሳሉ የመረጥነው የከተማ ምክር ቤት ምን አለ? ማን ደገፈ? ማን ተቃወመ? መልሱን በምክር ቤቱ የድምፅ መዝገብ ላይ ማንበብ የመራጩ መብት ነው።

«ከተማዋ በፌዴራሉ ምክር ቤት 23 ወኪሎች አሏት» የሚሉን ይኖራሉ። እውነት ነው፣ አሏት። ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት እያንዳንዱ ተወካይ የመላው ኢትዮጵያ ሕዝብ ወኪል ነው። ለከተማው ጉዳይ ብቻ ተብሎ የተመረጠው 138 መቀመጫ ያለው የከተማው ምክር ቤት ነው። የክልል ምክር ቤቶች ሕገ መንግሥት ይሻሻል ሲባል በአንቀጽ 104 እና 105 መሠረት ድምፅ አላቸው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ግን ክልል ስላልሆኑ ይህ ድምፅ የላቸውም። አንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ዝርዝሩን ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ትቶታል። ሕጉን የሚያወጣው ማን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ቻርተሩ ራሱ የፌዴራል አዋጅ ነው፤ በ1995 አዋጅ ቁጥር 361 ሆኖ ወጣ፣ በ2010 በአዋጅ ቁጥር 1094 ሲሻሻል ምክትል ከንቲባ ከምክር ቤቱ አባላት ውጭ እንዲሾም በር ከፈተ። እንዲህ ያለ ለውጥ የነዋሪው ወኪሎች አስቀድመው በግልጽ ድምፅ ሳይሰጡበት ሊያልፍ አይገባውም።

በሰኔ 2009 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀውን የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም ረቂቅ አዋጅም እናስታውስ። ረቂቁን የደገፈም የተቃወመም ነዋሪ ነበር። እኛ ዛሬ የምናነሳው ማን ልክ ነበር የሚለውን አይደለም። እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ በየሻይ ቤቱ በሹክሹክታ ከሚብላላ በከተማው ምክር ቤት አዳራሽ በአደባባይ ቢመከርበት ይሻል ነበር እንላለን።

ይህ አሠራር በሌላ አገር የተለመደ ነው። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባትን ሎስ አንጀለስን እንውሰድ። በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው የከተማዋ ምክር ቤት ነው። ይኸው 15 አባላት ያሉት ምክር ቤት የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪ በያዛቸው ረቂቆች ላይም አቋም ይወስዳል። አንድ አባል የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። የምክር ቤቱ የሕግ ጉዳይ ተንታኝ መሥሪያ ቤት ረቂቁ ለከተማዋ ምን እንደሚያመጣ መርምሮ ይጽፋል፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ታይቶ ለድምፅ ይቀርባል። አቋሙ መደገፍ ወይም መቃወም ብቻ አይደለም፤ «ይህ ከተስተካከለ እንደግፋለን» ማለትም ይቻላል። ከንቲባው ሲስማማ የከተማዋ ይፋ አቋም ይሆንና የከተማዋ ተጠሪዎች ሳክራሜንቶ ላይ ይዘውት ይከራከራሉ። የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ሊቀበለው አይገደድም። ነዋሪው ግን ወኪሉ ምን እንዳለ ያውቃል።

ፓርቲያችን ከተመረጠ ይህንኑ ያደርጋል። ከተማውን የሚነካ ረቂቅ ለፌዴራሉ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ፣ የከተማው ምክር ቤት የሕግ ባለሙያዎች ማንም በሚገባው አማርኛ ማብራሪያ ያዘጋጃሉ፤ ማብራሪያውም በየወረዳው ይለጠፋል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፣ ድምፁም በየአባሉ ስም ይመዘገባል። የማሻሻያው ቃል አንቀጽ በአንቀጽ ተጽፎ ለቋሚ ኮሚቴው ይላካል። አስተዳደሩ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ መሆኑን አንክድም፣ ሕግ የመሻር ሥልጣንም አንጠይቅም። የፌዴራሉን መንግሥት እኛው ብንይዝ እንኳ የራሳችን ሚኒስትሮች ያረቀቁት ሕግ በዚሁ መንገድ ያልፋል። የመጀመሪያው ሥራችንም በምክር ቤቱ የመጀመሪያ መደበኛ ስብሰባ ይህን አሠራር በአሠራር ደንቡ ውስጥ ማስገባት ይሆናል።