ራስ ምታት ሁሉ ምች አይደለም

ምግብ ቤታችን ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው! «ራሴን ሊፈልጠኝ ነው፣ እስቲ ቡና ቶሎ በሉ።» ብዙውን ጊዜ ቡናዋ ስትደርስ ይለቃል። ጾም ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ሁለት ሥራ መሮጥ ነው። ካልሆነም ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ታይሌኖል ይዋጣል። ከዳማከሴ ጋር ጠብ የለኝም።

ቡናም ዳማከሴም የማይነካው ራስ ምታት ግን አለ። ኮሎይድ ሲስት ይባላል። ብዙ ሰው ላይ አይገኝም፣ ካንሰርም አይደለም። አንጎል መሐል የሚበቅል፣ ውስጡ እንደ አጥሚት የወፈረ ነገር የያዘ ትንሽ ከረጢት ነው። ታዲያ ምኑ ያስፈራል? ቦታው! አንጎላችን በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያመነጫል፤ ፈሳሹ የሚወርደው በጠባብ ቀዳዳ ነው። ይቺ ከረጢት የምትቀመጠው ቀዳዳው አፍ ላይ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሲደፈን ያያችሁ ይገባችኋል፤ ሽንብራ የምታክል ነገር ትበቃለች። ውሃው መውረጃ ሲያጣ ይሞላል፣ ራስ ቅል ደግሞ አይሰፋም።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ራስ ምታቱ ድንገት ይመጣል፤ አንዳንዱን ሰው ጎንበስ ሲል ይብስበታል፣ አቀማመጡን ሲቀይር ይለቀዋል። ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ፣ መርሳት፣ እግር በድንገት መክዳትም አለ። መጥቶ ስለሚሄድ «ተሻለኝ» ተብሎ ይተዋል። ቀዳዳው ጨርሶ ከተደፈነ ግን ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ራሴን ያመኛል» ብቻ አትበሉ። መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ስታደርጉ እንደሚብስ ንገሩት። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያሳየዋል። እዚህ አሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙት። ልጆች፣ እናንተ ደግሞ እማዬ ወይም አባዬ ራሱን ይዞ እያስመለሰው ከደነዘዘ ወይም ከወደቀ፣ ማንንም ሳትጠይቁ 911 ደውሉ።

ሁሉም አይቀደድም። ትንሽ ከሆነችና ምንም ካላመጣች በየጊዜው በኤምአርአይ እየታየች ትቆያለች። ፈሳሹን ከዘጋች ግን መውጣት አለባት። አንዱ መንገድ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ማውጣት ነው፣ ሌላው ራስ ቅልን ከፍቶ። ሙሉ በሙሉ ከወጣች የምትመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ቀዶ ሐኪሙን የትኛውን መንገድ እንደመረጠ፣ ለምን እንደመረጠ፣ ከዚህ በፊት ስንት ሰው እንደሠራ ጠይቁት። አይቆጣም፤ ከተቆጣም ሌላ ሐኪም አለ።