ለማጀቴ ቤት ቦይለር ወይስ ኢንስታንት?

በይፋት ቆላ የሙቅ ውሃ ነገር ሲነሳ «ለቆላ ሰው ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። አልስማማም። የይፋቷ ከተማ ማጀቴ የመንዝ ደጋ ከኋላዋ ነው። በታኅሣሥ ንጋት ለሱብሒ ሰላት ውዱእ የሚያደርጉ አዛውንት፣ አራስና ሕፃን፣ ማሳ ውሎ ወገቡን የሚያመው ገበሬ ሙቅ ውሃ ያስፈልጋቸዋል። እስከ ዛሬ ውሃው የሚሞቀው ምድጃ ላይ ነው፤ ማገዶው ደግሞ በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ይመጣል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው «ማሞቂያ ላስገባ» ሲል ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

የሚያሳስበኝ አመራረጡ ነው። ዓረብ አገር የምትሠራ ልጅ ስልክ ደውላ «አባዬ፣ ትንሿን ኢንስታንት ግዙ፤ ወዲያው ነው የምታሞቀው» ትላለች። ባለሱቁም «ቦይለር መብራት ይበላል» ብሎ ያግዛታል። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም፤ ግን የማጀቴን መስመርና የማጀቴን ውሃ ከሒሳቡ አላስገቡም።

ኢንስታንት የሚባለው ውሃ አያጠራቅምም፤ በውስጡ ሲያልፍ ያሞቀዋል። ስለዚህ የሚሰጠው የውሃ መጠን የሚወሰነው በጉልበቱና ውሃው ሲገባ በነበረው ቅዝቃዜ ነው። ለምሳሌ ደጋዋ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ 14 ዲግሪ ሆኖ የገባን ውሃ 40 ለማድረስ፣ ባለ 5.5 ኪሎዋት ኢንስታንት በደቂቃ የሚያወጣው 3 ሊትር ብቻ ነው። ቆላ ላይ 24 ዲግሪ ሆኖ ከገባ ግን ያው ዕቃ 5 ሊትር ገደማ ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ ኢንስታንት ለቆላ የተፈጠረ ይመስላል።

ችግሩ የሚመጣው ከመብራቱ ነው። 5.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራና ምጣድ ሲጣድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ 180 ከደረሰ ያ 5.5 የተባለው ማሞቂያ ወደ 3.7 ኪሎዋት ይወርዳል፤ ቮልቴጅ በጥቂቱ ሲቀንስ ጉልበት የሚቀንሰው ብዙ ነውና። በዚያው ሰዓት ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። ሌላም አለ፦ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው ከሮቶ ነው። ሮቶው ከመታጠቢያ ቤቱ ብዙም ከፍ ካላለ ግፊቱ አንሶ ኢንስታንቱ ጨርሶ አይነሳም። መብራት ከጠፋማ ወዲያው ቀዝቃዛ ነው።

ውሃ የሚያጠራቅመው ቦይለር ግን ይህን ሁሉ ይታገሣል። ባለ 50 ሊትርና 1.5 ኪሎዋቱ የሚስበው 7 አምፔር ነው። 24 ዲግሪ የነበረውን ውሃ 60 ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ይዘገያል እንጂ ሥራውን አይተውም። ያ 50 ሊትር ከቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ ከ100 ሊትር በላይ የመታጠቢያ ውሃ ይሆናል። መብራት ቢጠፋም የሞቀው ለሰዓታት ሞቆ ይቆያል።

«መብራት ይበላል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ውሃውን ለማሞቅ የሚፈጀው ኃይል ለሁለቱም እኩል ነው፤ ቦይለር የሚያባክነው ሳይነቀል ሲውልና ሲያድር ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል፤ ብዙ የተጠቀመም በኪሎዋት ሰዓት የበለጠ ይከፍላል። ስለዚህ ከመታጠብ በፊት ማብራት፣ ሲሞቅ ማጥፋት። መስመሩ ደካማ ነው ስል ሕዳሴ ግድብን ረስቼ አይደለም፦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ደስታችን ነው፤ ግን ማጀቴ ቤት የሚገባው ኃይል የሚመዘነው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና ሽቦ ነው።

ከሁለቱም በፊት ግን ፀሐይ አለች። ከቀትር በኋላ ጥቁር ሮቶ የተሰቀለበት ቤት ቧንቧ ሲከፈት የሚወጣው ውሃ እጅ ያሞቃል፤ ማንም አላሞቀውም። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1980 ለአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የፀሐይ ማሞቂያ በሕግ ግዴታ አድርጋለች። የእኛ ቆላ ፀሐይ ከዚያ የምታንስ አይደለችም። ሶላር ማሞቂያ ሲገዛ ይወደዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወርሃዊ ቢል የለውም፣ መብራት ጠፋ ብሎም አይቆምም። አቅም ያለው ሰው ሶላር ያስገባ፤ ያነሰው ባለ 30 ወይም ባለ 50 ሊትር ቦይለር ይግዛ። ኢንስታንቱን የምመክረው መስመሩ ጠንካራ፣ ሮቶው ከፍ ያለ፣ ሽቦውም ለብቻው የተዘረጋ ለሆነ ቤት ብቻ ነው።

የሽቦው ነገር የነፍስ ጉዳይ ነው። ለሶኬት በተዘረጋ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ኢንስታንት መቀጠል እሳት መጥራት ነው። ግራውንድ የሌለው ማሞቂያም፣ ቦይለርም ሆነ ኢንስታንት፣ እርጥብ ገላ ላይ ኤሌክትሪክ ሊለቅ ይችላል። የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭ ሲንጠባጠብ «አፈሰሰ» ብሎ የሚደፍን ባለሙያ ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ ያ ቫልቭ ሲሞቅ የሚጨምረውን ግፊት የሚያስተነፍስ ነው።

ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ የይፋት ሰዎች፣ ማሞቂያውን ዛሬ ባትገዙም የሙቅ ውሃ ቱቦውን፣ ለብቻው የሚሄደውን ሽቦና ግራውንዱን ግድግዳው ሳይለሰን አስቀብሩ። ከልስን በኋላ ያው ሥራ ግድግዳ ማፍረስ ይጠይቃል።